በንብ እርባታ ሽፋን የኖረው ልቦለድ

በአንድ ወቅት፣ ልቦለድ በኪራይ ተይዞና ወረፋ ተጠብቆ በሚነበብበት ዘመን፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ምንትዋብ የምትባል የሃያ ዘጠኝ ዓመት የአማርኛ መምህርት አንድ መጽሐፍ ጻፈች። በዕድሜዋ የጻፈችው እሱን ብቻ ነው። ፍርዱን ለእናንተ ስለምተወው መጀመሪያ መጽሐፉን ልንገራችሁ።

ማንጠግቦሽ የምትባል ልጅ ትዳራለች። እንደ አገሩ ወግ አማቷ አዲስ ስም ያወጡላትና ይርገዱ ትባላለች። ከዚያ ወዲያ ማንጠግቦሽ ብሎ የሚጠራት ሰው ይጠፋል። አንድ ቀን እህል ልታስፈጭ ስትሄድ ግን በልጅነቷ የሚያውቃት የወፍጮ ቤት ሠራተኛ በድሮ ስሟ ይጠራታል። ታሪኩ ይኸው ነው፤ አጻጻፉ ግን ሌላ ነው። ሴት ልጅ ሰው መፈለጓን፣ በስሟ መጠራት መራቧን፣ ወደ ወፍጮ ቤት ስትሄድ እግሯ ሳታዘው መፍጠኑን ምንትዋብ ያለ ይቅርታ ጻፈችው። እኔ ካነበብኩት ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ዛሬም የወፍጮ ድምፅ ስሰማ ልቤ ድንግጥ ይላል። እንዲህ አድርጎ የጻፈልን ሰው አልነበረም።

በመጽሐፉ መግቢያ ላይ «መታሰቢያነቱ ለባለቤቴ» የሚል ታትሞ ነበር። ባልየው ግን የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ማን ነው የሚለው ሐሜት ሲበዛበት መጽሐፉን ከየሱቁ ለቅሞ ጓሮው ውስጥ አቃጠለው። ረቂቁም አብሮ ነደደ። ምንትዋብ አልተከራከረችም። ልብሷን ይዛ ኮምቦልቻ ወረደች፤ ከዚያ በኋላ አማርኛ ማስተማር ትታ ሒሳብ አስተማረች።

አሁን መጽሐፉን ከሞት ወዳስነሱት ሦስት ሰዎች ልምጣ።

የመጀመሪያው አቶ ድንበሩ ነው፤ እዚያው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ መጽሐፍ ያከራይ ነበር። ባልየው መጽሐፉን ሲለቅም እሱ ጋ መጥቶ «ያ ነገር አለህ ወይ?» ብሎታል። ድንበሩ ዓይኑን ሳያሽ «አልቋል» አለው። ከዚያ የልቦለዱን ልባስ ገንጥሎ የአንድ የንብ እርባታ መጽሐፍ ሽፋን አለበሰውና ማከራየቱን ቀጠለ። የደሴ ሴቶች ወሬውን ለመስማት አልዘገዩም። ብቅ ይሉና «አቶ ድንበሩ፣ ንቡ ገብቷል?» ይላሉ። እውነተኛው ስሙ ተረሳና መጽሐፉ ንቡ ተብሎ ቀረ። ባሎች ሚስቶቻቸው ሙያ መማራቸው ደስ አላቸው። አንዱማ ሚስቱ ዓይኗ እስኪቀላ ስታነብ ቢያይ ሦስት ቀፎ ሠርቶ አመጣላት፤ ዛሬ ማር ሻጭ ነው። ሳቁ እንዳለ ሆኖ፣ ድንበሩ ቢያዝ ሱቁም ጥርሱም አይተርፉለትም ነበር። ሁለት ጊዜ ተፈትሾ ሁለቴም ንብ ተገኘበት።

በኪራይ መጽሐፍ ላይ ቀድሞ የሚያልቀው መጨረሻው ነው፤ ሰው ሁሉ እሱ ላይ ለመድረስ ይቸኩላል። ከዓመታት በኋላ የንቡ የመጨረሻ አሥራ አንድ ቅጠሎች ወላልቀው ጠፉ። መጽሐፉ ማንጠግቦሽ አንድ ሻንጣ ይዛ አውቶቡስ ተራ ከቆመችበት ተቆረጠ። የመጨረሻው መስመር «ከኋላዋ አንድ ሰው በስሟ ጠራት» ይላል። በየትኛው ስሟ? ማን? ይሄ ከጠፋው ገጽ ጋር አብሮ ጠፋ።

ሁለተኛዋ ሽታዬ ናት፤ ንቡን የተከራየችው ከዚህ በኋላ ነው። እሷም አማቷ ባወጡላት ስም መጠራት ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ያቺን መስመር አንብባ ገጹን ብትገልጥ የሽፋኑ ባዶ ውስጠኛ ገጽ ሆነባት። ለሰባት ወር እያሰበችው ኖረች። በስምንተኛው ወር ሁለት ልጆቿን ይዛ ከማትወደው ትዳር ወጣች፤ የልብስ ስፌት ሱቅ ከፈተችና በሯ ላይ «ሽታዬ» ብላ አስጻፈች።

ከዚያ ምንትዋብን ስትፈልግ ከርማ ኮምቦልቻ ላይ አገኘቻት። ምንትዋብ ጡረታ ወጥታለች። ሰው ተሳስተሻል፣ እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ መጽሐፍ ጽፌ አላውቅም አለቻት። ሽታዬ አልተከራከረችም። ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና ንቡን ከምዕራፍ አንድ ጀምራ ጮክ ብላ ማንበብ ያዘች። ምንትዋብ በሩን ዘግታ ገባች። ሽታዬ ታነባለች። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ በሩ ተከፈተ።

«አንድ መስመር ዘለልሽ» አለች ምንትዋብ።

ሽታዬ የዘለለችው ሆን ብላ ነው። ሁለቱም አለቀሱ። መጽሐፉ እንደገና ይታተም የሚለውን ሐሳብ ምንትዋብ የተቀበለችው ያን ቀን ነው። የጎደለውን አሥራ አንድ ቅጠል ግን እንደገና ልትጽፍ ብትሞክር አልሆነላትም። ነገሩን ታስታውሰዋለች፤ ቃሉ የለም። የስልሳ ሁለት ዓመት ሴት የሠላሳ ዓመት ሴትን ፍላጎት ከሩቅ ሆና ስትጽፈው ቀዘቀዘ።

ሦስተኛው መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። መጽሐፉ እንደወጣ ሰሞን እህታቸው አንድ ቅጂ ተውሳ ለጎረቤቶቿ ስታነብ፣ እሳቸው እዚያው ክፍል ብራና እየፋቁ ነበር። አልሰማሁም ለማለት ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። በቃል ትምህርት ያደገ ጆሮ ግን ጀርባ አይሰጥም፤ ሁለት ጊዜ የሰማውን ያዘ። ንስሐ ገቡበት፣ ሱባኤ ያዙበት፤ አልወጣ አለ። በስተእርጅና ዳዊቱ እንኳ አንዳንድ ቦታ ሲያደናቅፋቸው የማንጠግቦሽ ታሪክ ንቅንቅ አላለም። ለዚህ ሁሉ ዓመት ለማንም አልተናገሩም። ምንትዋብ መጨረሻውን እንዳጣች ሲሰሙ ግን በትራቸውን ይዘው ምንትዋብና ሽታዬ ወዳሉበት ወደ ድንበሩ ሱቅ መጡ።

«እኔ አልያዝኩትም፤ ጆሮዬ ነው የያዘው» አሉ። «ጻፉ።»

ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አሥራ አንዱን ቅጠል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላቸው ወረዱት። እቅፉንም፣ ናፍቆቱንም፣ ለመሪጌታ አፍ የማይመቸውንም ቃል ሁሉ። ተማሪዎቻቸው ውጪ ቆመው ሰምተዋል። መሪጌታ በማግስቱ ራሳቸውን ከማኅሌት መሪነት አነሱ፤ ዛሬም ከኋላ ነው የሚቆሙት።

መጨረሻውም ይኸው፦ ከኋላ የመጣው ድምፅ «ይርገዱ» አለ። ባሏ ነበር። እሷም ዞረች። ሻንጣውን ተቀበላትና አብረው ወደ ቤት ሄዱ።

ሽታዬ ከትዳሯ የወጣችው ማንጠግቦሽ አትመለስም የሚል እምነት ይዛ ነበር። ምንትዋብ ፊቷን አይታ ደነገጠች።

«ከፈለግሽ እለውጠዋለሁ» አለቻት። «የኔ ነው፣ እችላለሁ።»

ሽታዬ መለሰች። «አይለወጥ። እሷ ትመለስ። እኔን የጠራኝ ያልነበረው ገጽ ነው።»

እንደተባለውም ሳይለወጥ ለኅትመት ተላከ። አሁን ማተሚያ ቤቱ የሚጠብቀው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ የመታሰቢያው። ምንትዋብ ድሮ ይህን ገጽ ለማይገባው ሰው ሰጥታ መጽሐፏን አጥታለች። ሌላ መጽሐፍ አልጽፍም ብላለችና ሌላ የመታሰቢያ ገጽ የላትም። ሦስቱንም ጻፊያቸው ያሏትን ሰዎች፣ ለሦስት ሰው ከሆነማ የሰርግ ጥሪ ሆነ ብላ አሳፍራቸዋለች።

ድንበሩ ፍላጎቱን አልደበቀም፤ እኔ ባልሸሽገው ኖሮ የቱ ተነቦ፣ የቱ ተዘሎ፣ የቱ ይጎድል ነበር ይላል። መሪጌታ ስሜን ብትጽፊ ከሳሽሽ ነኝ ብለው አስጠንቅቀዋታል፤ ግን ገጹ ደርሶ እንደሆነ በየሳምንቱ ሰው ይልካሉ። ሽታዬ ገጹን አልጠየቀችም። የተጠየቀችው ስለ ገጹ ሳይሆን ስለ ሽፋኑ ነበር፤ እሷም ንብ ይሁንበት አለች።

ምንትዋብ ወረቀቱ ላይ «መታሰቢያነቱ» ብላ ጽፋ ቆማለች። ሐሙስ መላክ አለበት። ደሴ ላይ በዚህ ጉዳይ ያልተጨቃጨቀ ቤት የለም፤ እኔም ከገዛ እህቴ ጋር ተኳርፌበታለሁ፣ የማን ወገን እንደሆንኩ ግን አልነግራችሁም።

አካሉን የሸሸገው፣ ቃሉን የመለሰው፣ ወይስ አንድም ገጽ ሳትሸሽግና ሳትመልስ መጽሐፉን የኖረችው? እስኪ ፍረዱ፤ ያ ገጽ ለማን ይገባል?