የዋርካው ጉቶ

በየስብሰባው የሚጠቀስ አንድ የሐይቅ ዳር ተረት አለ። ጠቃሾቹ ስለ ደን ጥበቃ ነው ይላሉ። ሐሰት ነው! መነሻውን ሳይጠይቁ ምሳሌ የሚያጣምሙ ሰዎች ደሜን ያፈሉታል። ተረቱ የተወለደው ከድንበር ጠብ ነው።

ዘንጅትና አምባ ጭሬ የሚባሉ ሁለት መንደሮች በአንዲት ጅረት ተለያይተው በሐይቁ ዳር ይኖሩ ነበር። ከፊታቸው ውሃው ውስጥ የተደበቀ ቋጥኝ አለ፤ ታንኳ የሚያሳልፈው አንድ ጠባብ ክፍተት ብቻ ነው። ከሐይቁ የሚመለስ ቀዛፊ ሁሉ በዘንጅት በኩል የቆመውን ትልቅ ዋርካ ከበስተኋላው ካለው የተራራ ስንጥቅ ጋር በዓይኑ ያገጣጥምና ቀጥ ብሎ ይገባል። አባቶቻቸውም የገቡት እንዲሁ ነው።

የዘንጅቱ ግራዝማች ደባስ በድንበር ግጦሽ ከአምባ ጭሬዎች ጋር ተጣላና መጥረቢያ አስነሣ።

“በእኔ ዛፍ የእነሱ ታንኳ ሊመራ?”

የአምባ ጭሬው ሽማግሌ ቀዛፊ አያ ቢተው ጅረቱን ተሻግሮ መጣ። “ግራዝማች፣ እርስዎስ በምን ሊገቡ ነው?”

“እኔ አገሬን አውቃለሁ! ዓይኔን ጨፍኜ እገባለሁ።”

ዋርካው ወደቀ። አምባ ጭሬዎች ሳይጮኹ በራሳቸው ሜዳ ረጅም ግንድ ተከሉና ከምን ጋር እንደሚያገጣጥሙት ራሳቸው ብቻ እያወቁ በእሱ መግባት ለመዱ። ደባስ እንዴት እንደሚገቡ አልጠየቀም፤ መጠየቅ ውርደት መሰለው።

የዘር ወቅት ሲደርስ ከማዶ ገበያ ዘር ጤፍ ሊያመጣ ተነሣ። የዘንጅት ቀዛፊዎች “ያለ ዋርካው አንሄድም” ቢሉት ራሱ ቀዘፈ። ሲመለስ ዳርቻው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነበት። ወዲያ ሲል ቋጥኝ፣ ወዲህ ሲል ቋጥኝ። ከደንገል ሣር የሚታሰር ታንኳ ደግሞ ውሃ ይጠጣል፤ በየቀኑ ወጥቶ ቆሞ ካልደረቀ ይከብዳል። የደባስ ታንኳ ከጠዋት ጀምሮ ስትጠጣ ውላ ጎኗ ከውሃው እኩል ሆኗል።

“ቢተው! መግቢያው ወዴት ነው?” ብሎ ጮኸ።

“ምነው ግራዝማች፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ እንጂ!” አለ አያ ቢተው ከዳር። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። አያ ቢተው ግን መቅዘፊያውን አንሥቶ ወደ ራሱ ታንኳ ገብቶ ነበር።

አጠገቡ ሲደርስ “ጤፉን ይጣሉት!” አለው።

“የዓመት ዘሬ ነው! ልጆቼ ምን ሊበሉ?”

“አባት ካላቸው ይበላሉ። ይጣሉት!”

ደባስ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ገፍቶ ጣለ። አያ ቢተው ታንኳዋን በገመድ አስሮ፣ ዓይኑን ከግንዱ ሳይነቅል፣ እየጎተተ አስገባው።

ዘንጅት ዳር ሲወርዱ ደባስ የሚቀመጥበት ቢያጣ ውሃው እየተንጠባጠበበት በዋርካው ጉቶ ላይ ተቀመጠ። ያን ለታ ማታ አያ ቢተው ከአምባ ጭሬ ቤቶች አንዳንድ ቁና ዘር ለምኖ እንደላከለት ይነገራል። በዚያች ሰዓት ግን ከዘንጅት ቤቶች ሮጣ የደረሰች አንዲት ሴት “ምን አገኘው?” ብላ ስትጠይቅ፣ ሽማግሌው የረጠበ ጋቢውን እየጨመቀ እንዲህ አላት፦ “ጎረቤቱን ሊያስት ዋርካ ቢቆርጥ፣ የገዛ ደጁ ጠፋው።”