የጥጃዋ ድርሻ

አንድ ሰው ነበረ። ቁጭ በይ ትርንጎ፤ «ምራቴ ዛሬ ወለደች፤ ጡቷ ቢጫ ነገር ያወጣል። እሱ ታልቦ ይደፋና ለሕፃኑ ቅቤ እናልሰው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል? መልሴ ይኸው ሰውዬ ነው።

ሰውየው ባለጸጋ ነበር። ከብት መግዛት እንጂ ማርባት አያውቅም። ከሁሉ የሚወዳት ላም ሦስት ዓመት መክና ቆይታ ሴት ጥጃ ወለደችለት። ደስ ቢለው ራሱ ሊያልባት ተቀመጠ። የወጣው ግን ወፍራም ቢጫ እንገር ነበር። እረኛው «ጌታዬ፣ ይህ የጥጃዋ ድርሻ ነው» ቢለው፣ «የእኔ ጥጃ መግል አትጠባም!» ብሎ ተቆጣና ለውሻው ደፋው። ሦስት ቀን እንዲሁ አደረገ፤ ለጥጃዋ ውሃና ቅቤ ሰጣት። ውሻው ወዙ አማረ። ጥጃዋን በአምስተኛው ቀን ያስቀምጣት ጀመር፤ በስምንተኛው ሞተች።

ምን ያደረገ ይመስልሻል? ዱላውን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ሸክላ ሠሪ ሄደ። «በዓይንሽ በላሽብኝ!» ብሎ ለገበያ ያዘጋጀችውን እንስራ ሁሉ ሰባበረባት። አገሩም አበጀህ አለው። ወደ ውሻው ሳህን ዞሮ ያየ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም!

አየሽ፣ አንቺም «ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው! ጥጃ ያለ እንገር ያድጋል እንዴ?» ብለሽ ተናደድሽ። ለጥጃ ያወቅሽውን ለልጅ ልጅሽ ማን አስረሳሽ?

አርባ ዓመት በጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኜ የተማርኩትን ልንገርሽ። በእናት ወተት፣ በዚያ በቢጫውም ጭምር፣ ሊሶዛይም የሚባል ጀርም ገዳይ አለ። በእንባሽም በምራቅሽም አለ። ውጭ አገር ከእንቁላል ነጭ እያወጡ አይብ እንዳይበላሽ ይጨምሩታል፤ የጉሮሮ መድኃኒትም ይሠሩበታል። ሰው በፋብሪካ ለፍቶ የሚያወጣውን እግዜር ጡት ውስጥ አስቀምጦልሽ፣ አንቺ መሬት ላይ ልትደፊው!

አምና የምራትሽ የመጀመሪያው ሕፃን በዘጠኝ ቀኑ ሲሞት በጎረቤትሽ በሸክላ ሠሪዋ ደጅ ቆመሽ የረገምሻት አንቺ ነሽ። እንገሩን ማን እንዳስደፋው እያወቅሁ ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ዘንድሮ ዝም አልልም። ያ ሰውዬ አንቺ ነሽ፣ ትርንጎ።

በይ ተነሺ። አንዲት ጠብታ ሳትታለብ ልጁን ምራትሽ ጡት ላይ አስተኚው። ከዚያ የሸክላ ሠሪዋን ደጅ ሄደን እናንኳኳለን፤ ሁለታችንም።