ሥሩ ባዶ የሆነ ወለል

አንድ የቅኔ ተማሪ መምህሩን፣ «የኔታ፣ ቅኔዬን ሁሉም ሲያደንቁልኝ አንድ ባልንጀራዬ ብቻ ስህተቱን ነገረኝ። ይህን ሰው ልራቀው ወይስ ልቅረበው?» ብሎ ጠየቃቸው። የኔታም እንዲህ ሲሉ መለሱለት፦

የሳሎኑን ወለል በገዛ እጁ ሴራሚክ ያለበሰ አንድ ሰው ነበረ። ሴት ልጁን ሊድር ዐሥር ቀን ቀርቶታል። ሰርገኛው የሚጨፍረው እዚያው ሳሎን ውስጥ ነውና ወለሉ አምሮ እንዲቆይለት ጓጓ። ሲሚንቶ አቦካ፤ በውሃ ልክ እየለካ፣ በጉልበቱ እየዳኸ፣ ሴራሚኩን አንድ በአንድ ደረደረ። ሲደርቅለት መጋጠሚያውን በነጭ ሲሚንቶ ሞላ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለው። ወለሉም አበራ።

ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አየለት፤ «እጅህ ይባረክ» ያላለው የለም። ሰውየውም መንገደኛ እንኳ ሳያይለት እንዳያልፍ በሩን ከፍቶ ይውል ጀመር።

አንድ ቀን ለሰርጉ የታዘዘውን የጠላ ጋን ይዛ አንዲት ሸክላ ሠሪ መጣች። ይህች ሴት የተሰነጠቀውን ሸክላ ከደኅናው የምትለየው በድምፁ ነው። ጋኑን ስታስቀምጥ ወለሉ ያሰማው ድምፅ አላማራትም። ጎንበስ ብላ በጣቷ መገጣጠሚያ አንኳኳችው፤ ፈንጠር ብላም ደገመችው።

«ጌታዬ፣ እዚህ ጋ ሥሩ ባዶ ነው» አለችው።

የሰውየው ፊት ጠቆረ። አገር ያደነቀውን ሥራ አንዲት ጋን ሻጭ ታቃልለው? በቅጡ ሳይሰናበታት በሩን ዘጋ። ቃሏ ግን አላስቀምጠው አለ። ተንበርክኮ ራሱ አንኳኳ። ሌላው ቦታ ድፍን ድምፅ ሲሰጥ፣ በበሩ አጠገብ ያሉት ሦስት ሴራሚኮች እንደ ከበሮ ያስተጋባሉ። በመሮ ፈልቅቆ አነሣቸው። ሲሚንቶው መሐላቸውን ብቻ ነክቶ ጠርዛቸው አየር ላይ ነበር።

ያን ጊዜ ሰውየው ብቻውን ሣቀ። እየሮጠ ወጥቶ ሴትዮዋን መንገድ ላይ ደረሰባት።

«እማማ፣ ይመለሱልኝ» አላት። «ጆሮዎን ያውሱኝ።»

ተመለሰችለት። ሁለቱም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እየዳኹ ሲያንኳኩ፣ ልጆቹ በሣቅ ፈረሱ። ሁለት ሌላ ባዶ ተገኘ። እነዚያንም አንሥቶ የአምስቱንም ሥር እስከ ጠርዝ ሞልቶ መለሳቸው።

በሰርጉ ዕለት አገሩ ሁሉ ወለሉን ረገጠው፤ አንዲትም ሴራሚክ አልተነቃነቀች። የሙሽራይቱ አባት ከእንግዶቹ ሁሉ ቀድሞ እጇን ይዞ ወደ መሐል ያወጣት ሸክላ ሠሪዋን ነበር። እሷም አላፈረችም፤ ትከሻዋን ስትሰብቀው ቤቱ በእልልታ ተናወጠ።

አንተም እንዲሁ ነህ፣ ልጄ። ቅኔህን ያደነቁልህ ላዩን አይተው ሄዱ፤ እውነታቸውን ነው፣ ላዩ ያምራል። ባልንጀራህ ግን ጎንበስ ብሎ አንኳኳልህ። ነገ በጉባኤ ፊት ስትቆምበት የሚከዳህን ስፍራ ዛሬ አሳየህ። እንዲህ ያለ ሰው አይራቅም፤ ሄደህ የቀረውንም ቅኔህን እንዲያንኳኳልህ ለምነው። በል ተነሣ፣ ሳይመሽ ድረስበት።