የፍየል አርቢው ዋስትና

ማስተዋልን ዩኒቨርሲቲዋ ለአንድ ዓመት ውጭ አገር እንድትማር መረጣት። ሻንጣዋን ሸክፋ ጨርሳለች፤ የቀራት «ትመለሳለች» ብሎ የሚፈርምላት ዋስ ብቻ ነበር። ፍየል አርቢው አባቷ ከቆላ ድረስ መጥተው ዲኑ ዶክተር ይኄይስ ፊት ቀረቡ።

ዲኑ ከወንበሩ ንቅንቅ ሳይል ሽማግሌውን ገላመጣቸውና፣ «ዋሷ አንተ ነህ?» አለ። «የእኔ የዶክተሩ ልጆች እንኳ ለአንድ ዓመት ብለው ሄደው እዚያው ቀርተዋል! የፍየል ጠባቂ ልጅ ምን ብላ ትመለሳለች? አልቀበልህም!»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ጌታዬ፣ የእኔ ፍየሎች የቱንም ያህል ለምለም ቅጠል ቢያገኙ ዱር አያድሩም፤ ሲመሽ ማንም ሳይጠራቸው ቤታቸው ይገባሉ። ልጄ ያደገችው ከእነሱ ጋር ነው። የእርስዎ ልጆች ከማን ጋር እንዳደጉ ግን እርስዎ ያውቃሉ።»