ለሕንፃው አምፖል የመረጠው ሰው

አባባል ያለ እናት አይወለድም። የብዙዎቹን እናት ዘመን ቀብሯታል፤ የአንዳንዱ ግን ገና በሕይወት አለች፣ ገበያም ትወጣለች። በደብረ ማርቆስ ሸማ ነጋዴዎች ዘንድ፣ ሰው ያለ ልክ ሲጨነቅ ሲያዩ ጣል የሚያደርጓት አንዲት ቃል አለች። ሰምቷት የሚስቅ ብዙ ነው፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት። ነገሩ የደረሰው በምንውየለት ላይ ነው። እሱም ሲነገር ከሰዉ ጋር አብሮ ይስቃል እንጂ አይቆጣም።

ምንውየለት ሃያ ዓመት ያህል በሸራ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነጠላና ቀሚስ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ክረምቱ አበስብሶታል፣ በጋው ጠብሶታል። እግዚአብሔር ፈቅዶ ሸማ ነጋዴዎቹ ተባብረው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሲያቆሙ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ደረሰው። ያን ዕለት በሩን ከፍቶ አማተበና፣ «እንግዲህ ፀሐይም ዝናብም አያገኘኝም» አለ። እውነቱን ነበር።

ችግሩ ሌላ ሆነ። ክፍሎቹ ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ መብራት ይፈልጋሉ። ላይኛው ፎቅ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ደግሞ ካውያ ይሰካሉ። ታኅሣሥ ገብቶ የጥር ሠርግ ሥራ ሲበዛ፣ መብራቱና ካውያው መስማማት አቃታቸው። ካውያ ሲሰካ የሕንፃው ብሬከር ይወድቃል፤ ሕንፃው ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል፤ ሻጭም ገዥም በያለበት እጁን ዘርግቶ ይቆማል።

«እናንተ ናችሁ!» ይላሉ ከላይ ሰፊዎቹ።

«እናንተ ናችሁ እንጂ! ሸሚዝ ነው የምትተኩሱት ወይስ ብረት የምታቀልጡት?» ይላሉ ከታች ነጋዴዎቹ።

በመጨረሻ ተሰብስበው፣ የድሮዎቹ መብራቶች ወልቀው በቆጣቢ አምፖል ይተኩ ተባለ። የትኛው አምፖል? እዚህ ላይ ሁሉም ወደ ምንውየለት ዞረ። «አንተ ቀለም ታውቃለህ፣ ትዕግሥትም አለህ፤ መርጠህ በሦስት ሳምንት ውስጥ አሳውቀን» አሉት። እምቢ አላለም። ሸክም ሲሰጡት ትከሻውን የሚያመቻች ሰው ነው።

አስማረ የሚባል አምፖል ነጋዴ ሦስት ዓይነት ይዞ መጣ። ሦስቱም ቆጣቢ ናቸው፤ ብርሃናቸው ግን ይለያያል። አንዱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ሁለተኛው ቢጫ ነው። ሦስተኛው ዋጋው ከበድ ይላል፤ አስማረ እንደ ታቦት በሁለት እጁ ነበር የያዘው።

«ይሄ ቀለምን እንደ ተፈጠረ ያሳያል ጋሼ» አለ።

«እናያለና» አለ ምንውየለት። እያንዳንዱን ለአንድ ሳምንት ክፍሉ ውስጥ ሰቅሎ በደንበኞቹ ዓይን ሊፈትነው ወሰነ።

በዚያው ሰሞን ወይዘሮ አትጠገብ መጡ። ከሸራው ዘመን ጀምሮ ደንበኛው ናቸው። ልጃቸውን በጥር ይድራሉ፤ ለሙሽራዋና ለስምንት ሚዜዎቿ ጥለቱ አንድ ዓይነት የሆነ ቀሚስ ይፈልጋሉ። ለምንውየለት ይህ ዘጠኝ ቀሚስ ብቻ አልነበረም። ወይዘሮ አትጠገብ የገዙበትን ሱቅ ዘመዶቻቸው ሁሉ ይከተላሉ፤ እሳቸው ከተውት ደግሞ ሁሉም ይተዉታል። በዚያ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ «የምንውየለት ቀለም አይዋሽም» ሲባል ነው የኖረው። ሌላ ሀብት የለውም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰማያዊ የሚያደላው አምፖል በርቶ ነበር። ወይዘሮ አትጠገብ አንድ ጥለት መረጡ፤ አረንጓዴ ነው ብለው። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ተነሡ።

«ደጅ አውጥቼ ልየው።»

«እትዬ፣ እዚሁ ይታይ የለ?»

«ሸማ ደጅ ሳይወጣ አይገዛም። እናቴም እንዲህ ነበረች።»

ደረጃውን ወረዱ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እያለከለኩ ተመለሱ። «አንተ ምንውየለት! እዚህ አረንጓዴ፣ ደጅ ሰማያዊ! የምትሸጥልኝ ልብስ ነው እስስት?»

በሁለተኛው ሳምንት ቢጫውን አበራ። ወይዘሮ አትጠገብ ገና ሸማውን ሲዘረጉት ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄ ደግሞ ቅቤ ጠጥቷል!» ምንውየለት ማለ፣ ተገዘተ፣ ነጭ ነው አለ። ደጅ አውጥተው ሲያዩት እውነትም ነጭ ነው። ነጭ መሆኑ ግን አላስደሰታቸውም። «ልብስህ ሐሰተኛ አይደለም፤ ቤትህ ነው ሐሰተኛው» አሉትና ሳይገዙ ሄዱ።

ምንውየለት ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሌሎቹም ነጋዴዎች እየመጡ አንገታቸውን በበሩ ያስገቡ ጀመር። አንዱ «ሰማያዊው ይሻላል፣ ይደምቃል» ይላል። ሌላው «ቢጫው ለዓይን ይለሰልሳል» ይላል። እሱ ደግሞ አምፖሎቹን ያወጣል፣ ያስገባል፣ ጥለቱን ያስጠጋል፣ ያርቃል፤ ልቡናዬን አብራልኝ እያለ በሆዱ ይጸልያል።

በሦስተኛው ሳምንት ውዱ አምፖል ተሰቀለ። አስማረም ሊያይ መጥቶ ጥግ ላይ ቆመ። ወይዘሮ አትጠገብ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ጥለቱን አገላበጡ።

«ይሄስ ደህና ነው» አሉ።

አስማረ ፈገግ አለ። ምንውየለት ተነፈሰ። ወይዘሮ አትጠገብ ግን ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«ወዴት ነው እትዬ?»

«ደጅ ነዋ!»

«ደህና ነው አላሉም?»

«ሁለት ጊዜ ያሞኘኝን ቤት በሦስተኛው አላምንም። ስማኝ ወንድሜ፣ ከዚህ ደረጃ ጋር የምታገልበት ጉልበት የለኝም። ይሄ ካልሆነ ነገ መንገድ ዳር ካሉት እገዛለሁ። እነሱ ዘንድ ሸማው ያው ሸማ ነው።»

ወጡ። ምንውየለት በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ከሸራ ወደ ሕንፃ የገባው ደንበኞቹን ለሸራ ለመመለስ ኖሯል?

ታች በር ላይ ወይዘሮ አትጠገብ አያ ሙጬን አገኟቸው። አያ ሙጬ ሽማግሌ ሸማኔ ናቸው፤ የዚያን ዕለት ሥራቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ለነጋዴዎቹ ሊያስረክቡ መምጣታቸው ነው። የገዛ እጃቸውን ሥራ በሴትዮዋ ክንድ ላይ አዩት።

«አንቺ ልጄ፣ ሸማዬን ይዘሽ ወዴት ትሮጫለሽ? ሰረቅሽው እንዴ?»

«ለፀሐይ ላሳየው ነው አያ።»

«እላይ ፀሐይ የለም?»

«እላይ አምፖል ነው ያለው።»

አያ ሙጬ ይህ ነገር አልገባቸውም። «እስቲ አሳይኝ» ብለው ሴትዮዋን ከመንገድ መለሷቸውና ተከትለው ቀስ እያሉ ደረጃውን ወጡ፤ ጥቅላቸውን መሬት አስቀመጡና ክፍሉን በዓይናቸው ዞሩት። ዙሪያውን ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ሁሉ በልብስ ተጨናንቋል።

«ምንውየለት ልጄ።»

«አቤት አያ።»

«ይህ ክፍል ሲሠራ መስኮት አልተሠራለትም?»

ምንውየለት ዞሮ አንዱን መደርደሪያ አየ። አስማረ ሳል ያዘው።

«አለው» አለ ምንውየለት፣ ቀስ ብሎ።

«የታለ?»

«ከዚያኛው መደርደሪያ ኋላ ነው። ፀሐይ ቀለም ትመጥጥብኛለች ብዬ… የገባሁ ዕለት ነው የጋረድኩት። ሁላችንም ጋርደናል።»

ምንውየለት ራሱ ነጠላዎቹን እያነሣ መከመር ጀመረ፤ አስማረ ኮቱን አውልቆ አገዘው፤ ሁለት ጎረቤቶች ተጨመሩ። መደርደሪያው እያቃሰተ ተንፏቀቀ። የታኅሣሥ የረፋድ ፀሐይ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለቤት ዘው ብላ ገባች። አቧራው በውስጧ ይጨፍር ጀመር። ያ እንደ ታቦት የተያዘው አምፖል እላይ በርቶ ነበር፤ ማንም ግን መብራቱን ልብ አላለውም።

ወይዘሮ አትጠገብ አልወረዱም። ተቀመጡ፣ ጥለቱን ጭናቸው ላይ ዘረጉት፣ ወደ መስኮቱ አዘነበሉት።

«እንግዲህ አረንጓዴ ማለት ይሄ ነው» አሉ። «ዘጠኙንም ከዚሁ አድርግልኝ።»

በዚያ ሳምንት በሕንፃው ሁሉ መደርደሪያ ሲጎተት ተሰነበተ። ልብሱ ወደ ጎን ግድግዳ ዞረ፤ ፀሐይ ቀለም እንዳትመጥጥ መስኮቱ ላይ ስስ ነጭ መጋረጃ ተሰቀለ። ቀን ቀን መብራት የሚያበራ ጠፋ። ሰፊዎቹም ካውያቸውን ሰክተው እየዘፈኑ ይሠሩ ጀመር፤ ብሬከሩም አደብ ገዛ።

«እኔስ ጋሼ?» አለ አስማረ እየሳቀ። «ሕንፃ ሙሉ አምፖል ልሸጥ መጥቼ መደርደሪያ ስገፋ ዋልኩ!»

«አንተም አትቀርም» አለው ምንውየለት። «መስኮት የሌላቸው ክፍሎች አሉ፤ ደረጃው አለ፤ መሽቶ የሚሸጥም አለ። ለነሱ ያን ቀለም የማያጣምመውን ታመጣለህ።»

ቅዳሜ ስብሰባ ሆነ። ምንውየለት ቆሞ፣ ምንም ሳይደብቅ፣ ነገሩን እንደሆነው ተናገረ። ሰዉ ሳቀ፤ እያንዳንዱ በራሱም ጭምር ነበር የሚስቀው። ሰብሳቢው እንባውን እየጠረገ፣ «እና ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ስትሠራ ከረምክ ታዲያ?» ብሎ ጠየቀው።

በር አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት አያ ሙጬ በምንውየለት ፈንታ መለሱ፦ «ምን ይሠራል ብላችሁ ነው ልጆቼ፤ ፀሐይን ከልሎ ኩራዝ ያማርጣል!»