አያ ይርዳው ከማማው የወረደባት ሌሊት

ማሽላው ፈረስን ከነጋላቢው በሚደብቅበት፣ ጃርቱም ሰውን ከቁም ነገር በማይቆጥርበት በዚያ ዘመን፣ በአገዳ ሜዳ አያ ይርዳው የሚባል ሰው ነበር። ጠጋ በሉ፤ ጉሮሮዬ እንደ ድሮው አይደለም፣ ጮኼ አላወራም።

አያ ይርዳው ሀብት አልነበረውም። ሚስቱ በልጅነቷ ሞታበት፣ ልጅም ሳይወልድ ቀርቶ ነበር። ሥራው የመንደሩን ማሽላ መጠበቅ ነው። ዛሬ ማማ ምን እንደሆነ የማታውቁ ትኖራላችሁ። በማሳው መካከል በረጃጅም ግንድ ላይ የሚሠራ፣ የሣር ክዳን ያለው ከፍ ያለ መደብ ነው። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር አያ ይርዳው ወንጭፉንና ጋቢውን ይዞ ይወጣል። መንደሩ ይተኛል፣ እሱ ያዳምጣል። ሲነጋ ይወርዳል። ያ ማማ አሁን የለም፤ ቦታው ላይ ወፍጮ ቤት ቆሟል። እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዛሬም ቀና ብዬ አያለሁ። ይናፍቀኛል፣ ምን ልበላችሁ።

ጥሩ ጠባቂ ማለት ቶሎ የሚወነጭፍ እንዳይመስላችሁ። ኮሽ ባለ ቁጥር የሚወነጭፍ ሰው ነፋስ ላይ ሲወነጭፍ ያድራል፣ የገዛ አገዳውንም ይሰብራል። አያ ይርዳው ኮሽ ሲል ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይጠብቃል። ነፋስ ከሆነ ያልፋል። ጃርት ከሆነ ድምፁ ይመለሳል። ያን ጊዜ ወንጭፉን ያነሳል።

ከማማው ሥር የአበጋዝ ቤት ነበር። የአበጋዝ ሚስት ትርንጎ ትባላለች። የመጀመሪያ ልጇ ሌሊት ሌሊት እየነቃ ሲያስቸግር፣ እንጥሉ ወርዶ ነው ተባለና አስቆረጡት። ደሙ አልቆም አለ። ቀበሩት። ስለዚህ ሁለተኛዋ ልጇ ዘርፌ ስትወለድ ትርንጎ አንድ ነገር ብቻ ትለምን ነበር፤ ይህችኛዋ ሌሊቱን እንድትተኛ።

ዘርፌ ግን አልተኛችም።

ሕፃኗ በእንቅልፏ ገና እጇን ስታነሳ ቤቱ በሙሉ ይነሳል። የአበጋዝ እናት እማማ አስካለ እሳት ይነፋሉ። አበጋዝ ማሾ ያበራል። ትርንጎ ልጇን ብድግ አድርጋ እሹሩሩ ትላለች። ዘርፌም ብን ብላ ትነቃለች፣ ከዚያ ማን ይመልሳታል? አያ ይርዳው ይህን ሁሉ ከማማው ላይ ሆኖ ይሰማል። መጀመሪያ ኮሽታ ይሰማል። ቀጥሎ ግርግር። ለቅሶው የሚመጣው ከግርግሩ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ሲወርድ እማማ አስካለን ደጅ አገኛቸው።

«እማማ፣ አይቆጡኝና፣ ልጅቱ ስትንቀሳቀስ ትንሽ ይጠብቋት። እኔ ወንጭፍ ከማንሳቴ በፊት የምጠብቀውን ያህል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ከጃርት ጋር ስታድር ከርመህ ደግሞ ልጅ አሳዳጊ ሆንክ?» አሉት።

ሳቁበት። አበጋዝም ሳቀ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም። በዚያች ሌሊት ዘርፌ ስትንቀሳቀስ የአማቷን እጅ ያዘች። «ቆዩ እማማ» አለች። ሕፃኗ አጉረመረመች፣ ከንፈሯን አላወሰች፣ ተነፈሰችና ተኛች። በሌላ ጊዜ ስታለቅስ ደግሞ እውነተኛ ለቅሶ ነበር፤ ትርንጎ በጨለማው ውስጥ ጡቷን ሰጠቻት። አያ ይርዳው ለዚያ ቤት ከዋላቸው ሦስት ውለታዎች ያች የመጀመሪያዋ ናት።

ሌሊቱ ትንሽ ቀለለ። ግን ትንሽ ብቻ። ዘርፌ አሁንም እኩለ ሌሊት ላይ ዓይኗን አፍጥጣ ጨዋታ ትፈልጋለች። አያ ይርዳው ግራ ገባው። ቀን በዚያ ደጅ ሲያልፍ የሕፃን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም።

«ይህች ልጅ ቀን ቀን የት ትሄዳለች?» ብሎ ጠየቀ።

«የት ትሄዳለች፣ ጓዳ ትተኛለች እንጂ» አለች ትርንጎ። የሰው ዓይን እንዳይወጋት በጨለማው ጓዳ ተሸፋፍና ነበር የምትውለው። እናቷም ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ሳታጠባት ብዙ ትቆያለች።

አያ ይርዳው ሳቀ። እሱ ሲስቅ ማንም አይቀየምም ነበር ይባላል።

«እኔ ሌሊቱን ነቅቼ የማድረው ለምን ይመስልሻል? ቀኑን ሙሉ ስለምተኛ ነዋ! እናንተ ልጅቱን ማማ ጠባቂ አድርጋችኋታል። ፀሐይ አሳዩአት፣ ቀን አጥቢያት፣ ወሬ ትስማ።»

እማማ አስካለ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። የልጅ ልጃቸውን ለዓይን ሊሰጡ? ግን ያች ሌሊት ክፉ ሆና አደረች። በማግስቱ በሕፃኗ ግንባር ላይ ጥላሸት ቀብተው፣ እያጉተመተሙ፣ ራሳቸው አቅፈዋት ወጡ። ከማማው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ዘርፌ ወፍ አየች፣ አገዳ ሲወዛወዝ አየች፣ በየመሀሉ ጠባች። ከዚያ ወዲያ ሌሊቱ ሌሊት ሆነ፤ ብትነቃም ጠብታ መልሳ ትተኛለች። ያች ሁለተኛዋ ናት።

አሁን ሦስተኛዋ መጣች። እናቴ ይህን ስትነግረኝ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ጋቢዋን ትሰበስብ ነበር።

ሰብል ደረሰ። ትርንጎ ቀን ከሰዉ ጋር ስትደክም ትውላለች፣ ሌሊት ለማጥባት ትነሳለች። ጉንጯ ገባ። ስሟን ሲጠሯት ቆይታ ነው አቤት የምትል። አንድ ማታ ልጇን እንዳቀፈች ምድጃው አጠገብ እንቅልፍ ጣላት። ዘርፌ ከእቅፏ ተንሸራታ የእሳቱ አፋፍ ላይ ስትደርስ እማማ አስካለ ሮጠው አነሷት።

እማማ አስካለ ጮኹ። ልጅቱን የሚወዷት ስለሆነ ነው የጮኹት፤ ክፉ ሴት አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ። «በቃ! እንጥሏ ወርዶ ነው እናቷን እንዲህ የጨረሰቻት። የፊተኛውም ቶሎ ቢቆረጥ ኖሮ አይሞትም ነበር። ጠዋት ቆራጩ ይጠራ» አሉ። አበጋዝ ቀና ብሎ ሚስቱን ማየት አልቻለም። ትርንጎ አልተከራከረችም፣ አቅም አልነበራትም። አለቀሰች።

አያ ይርዳው ሁሉን ሰማ። ማሽላው ደርሷል። ጃርቱ ማሳው ዳር ላይ ነው። በዚያ ወቅት ማማን ጥሎ መውረድ ነውር ነው፣ የመንደሩ ዓመት ጉርስ ነው የሚጠፋው። እሱም በዕድሜው አንድ ቀን ጥሎ ወርዶ አያውቅም። ወረደ። ቤቱ ገባ።

«ልጄ፣ ተኚ» አላት ትርንጎን። «ዛሬ የምጠብቀው ልጅሽን ነው።»

ዘርፌን በጋቢው ጠቅልሎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ኮሽ ስትል ጠበቀ። ስትተኛ ዝም አለ። እውነት ሲርባት እናቷ እንደተኛች ከጎኗ አስጠግቶ እንድትጠባ አደረገ፣ ከጠገበች በኋላ ወደ ጋቢው መለሳት። ከማዶ ጃርቱ አገዳ ሲሰብር ይሰማዋል። ቀርሸም፣ ቀርሸም ሲል ይሰማዋል። አልተነሳም። ከውስጥ እማማ አስካለ የተኙ መስለው ያዩት ነበር።

ነጋ። ፀሐይ ወጣች። ትርንጎ አልነቃችም፤ ማንም አልቀሰቀሳትም። በኋላ ራሷ ተነሳች። ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ልጇን ተቀብላ ሳቀችላት፣ ዘርፌም ሳቀች።

ወዲያው የመንደሩ ወንዶች እየጮኹ መጡ። የማሳው ጥግ ባዶ ቀርቷል።

«የት ነበርክ አንተ?»

አያ ይርዳው አንገቱን ደፋ። በዚያው ሰዓት ቆራጩ መሣሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከች አለ። ሁሉም ወደ እማማ አስካለ አዩ። እማማ አስካለ ከደጃፉ አልተንቀሳቀሱም።

«ሌሊቱን ሙሉ አይቻታለሁ» አሉ። «ልጅቱ ነቃች፣ ጠባች፣ ተኛች። ሕፃን ናትና ትነቃለች። የታመመችው እናቷ ነበረች፤ እሷም ይኸው ተኝታ ተነሳች። አንተ ወደ መጣህበት ሂድ። የተበላውም ማሽላ ከእኛ ድርሻ ይነሳ።» ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ምነው ለፊተኛውም ያኔ ወርደህልን ቢሆን» አሉት አያ ይርዳውን። እሱም አብሯቸው አለቀሰ።

በዚያች ማታ ደጃፉ ላይ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡት እማማ አስካለ ነበሩ። በማግስቱ ጎረቤቷ መጣች። ከዚያ ሌላዋ።

ዘርፌ ከዚያ በኋላ መንቃት ተወች ብዬ አልዋሻችሁም። ጥርስ ስታበቅል ነቃች፣ ሲያማት ነቃች፣ እስክታድግ ነቃች። ትርንጎ ግን ብቻዋን አልነቃችም።

ይኸው እስከ ዛሬ በአገዳ ሜዳ አራስ ያለችበት ቤት ሲመሽ አንድ ሰው ጋቢ ይዞ ይመጣል። «ማማው የማን ነው?» ይላል ከደጅ። ከውስጥ «ያንተ ነው» ይሉታል። ገብቶ ሕፃኑን ይቀበላል፣ እናቲቱም ትተኛለች። ማሽላ ሲደርስም የማሳው አንድ ጥግ ሳይጠበቅ ይቀራል። የአያ ይርዳው ጥግ ይባላል፤ ለጃርቱ ነው።

ዘርፌ እናቴ ናት። እንጥሏ ሳይነካ ኖራ፣ ሠርግ ላይ ስትዘፍን ድምጿ ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። ዛሬ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የልጅ ልጇ ወልዳለች።

በሉ ጋቢዬን አቀብሉኝ። መሽቷል፣ ማማው የእኔ ነው።