የወንዙ ሹክሹክታና ሁለቱ ገመዶች

ተረት ላሻግራችሁ ነው፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ብረት እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን፣ በአንድ ክፉ ወንዝ ላይ ድልድይ ተሠራ። ወንዙ መሃል ረጅም ምሰሶ ቆመ። ከምሰሶው አናት ብዙ የብረት ገመዶች በግራና በቀኝ ወርደው መንገዱን አንጠልጥለው ያዙት። ከሁሉም የረዘሙት ሁለት ነበሩ፤ ግራ ገመድና ቀኝ ገመድ።

ወንዙ ቀድሞ ታንኳ እየገለበጠ ሰው ይበላ ነበር። ድልድዩ ከተሠራ ወዲህ ግን ጦሙን ያድራል። እንቅልፍ አጣ። ይገላበጣል፣ ያጉረመርማል፣ ምሰሶውን ይዞራል።

ሄደና ግራ ገመድን፣ «አንተ ሞኝ፣ ቀኝ ገመድ ምሰሶውን ወደ ራሱ እየጎተተብህ ነው» አለው። የግራ ገመድ ሆዱ ሻከረ።

ሄደና ቀኝ ገመድን፣ «አንተ ሞኝ፣ ግራ ገመድ ምሰሶውን ሊወስድብህ ነው» አለው። የቀኝ ገመድም ሆዱ ሻከረ።

ሄደና ምሰሶውን፣ «ሁለቱ ሲጎትቱህ አያምህም? ይልቀቁህ እንጂ» አለው። መቼም ነገረኛ ሲያዝን አይጣል ነው።

«ያመኛል» አለ ምሰሶው። «ግን አንዱ ከለቀቀኝ ሌላው ይጥለኛል።»

ወንዙ ሳቀ። ምሰሶው ፈራ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም ጠፋ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ገመዶቹ ይነታረካሉ።

«ለምን ትጎትታለህ?»

«አንተስ ለምን ትጎትታለህ?»

«እለቅልህና ታየኛለህ።»

«ልቀቃ።»

በክረምት አንድ ቀን፣ እንጉዳይ የምትባል ሴት ምጥ ጠንቶባት ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመዋት መጡ። ጤና ጣቢያው ማዶ ነው። አማቷ እማማ ስንዱ «ማርያም ማርያም» እያሉ ይከተላሉ። ወንዙ አያቸውና ምራቁን ዋጠ።

«አሁን ልቀቅ፣ አሁን» ብሎ ግራ ገመድን ወተወተው።

ግራ ገመድ ላላ አለ። መንገዱ ረገበ። ምሰሶው ወደ ቀኝ ዘመመ። ተሸካሚዎቹ ተንገዳገዱ።

ከፊት ቃሬዛውን የያዘው ካሴ ጎኑ ያለውን ውባለምን ተቆጣው። «ወዳንተ ጎተትክብኝ እኮ። እለቅልሃለሁ።»

እማማ ስንዱ ጮኹ። «ምን ሆነሃል ካሴ? እሱ ወዲያ፣ አንተ ወዲህ ባትስቡት የቃሬዛው ጨርቅ ረግቦ ልጄ ውኃ ትገባ የለም ወይ? እሱም ይጎትት፤ አንተም ጎትት።»

ግራ ገመድ ይህን ሰማና አፈረ። ቀና ብሎ ሲያይ ምሰሶው ሊወድቅ ነው።

«ወንድሜ፣ ጎትት» አለ።

«አንተም ጎትት» አለው ቀኝ ገመድ።

ሁለቱም ባላቸው ኃይል ጎተቱ። ምሰሶው ተቃና፣ መንገዱ ተነሣ፣ ቃሬዛው ተሻገረ። ብዙም ሳይቆይ ከማዶ እልልታ ተሰማ።

ወንዙ ግን ዛሬም አልተኛም። እየዞረ ይንሾካሾካል። ገመዶቹም ነፋስ ሲነሣ፣ «ጎትት»፣ «አንተም ጎትት» ይባባላሉ።

እኔ ተረቴን አሻገርኩ፤ እናንተ ደግሞ ያዙት። የሚጎትትህ ሁሉ ሊጥልህ አይደለም።